ርካሽ ራምና ውድ ራም፦ የኦንላይን ገበያው ከገዢ የሚፈልገው ዕውቀት

ዕድሜው የገፋ ኮምፒዩተር መንቀራፈፍ ሲጀምር አብዛኛው ባለቤት የሚያስበው አዲስ ስለመግዛት ነው፤ ነገር ግን በብዙ መሣሪያዎች ላይ የመንቀራፈፉ ምክንያት የማሽኑ እርጅና ሳይሆን በተለምዶ ራም የሚባለው የማህደረ ትውስታ ማነስ ስለሆነ፣ ይህን አንድ ዕቃ በመጨመር ብቻ ኮምፒዩተሩን ለተጨማሪ ዓመታት ማሠራት ይቻላል። ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ትኩረት የሚሻ ሆኗል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ በመሆኑ፣ ከውጭ የሚገባ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተወድዷል። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ተተኪው ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው 4 ጊጋባይት ራም ደግሞ ዝቅተኛው መስፈርት እንጂ ለሥራ የሚመች መጠን አይደለም።

ያገለገለ ወይም አዲስ ራም ፈላጊው የአዲስ አበባ ነዋሪ ፍለጋውን የሚጀምረው በእጁ ካለው ስልክ ሲሆን፣ በቴሌግራም ቻናሎችና እንደ ጂጂ ባሉ የማስታወቂያ ገጾች ላይ ተመሳሳይ የሚመስሉ ዕቃዎች በእጅጉ በሚለያይ ዋጋ ተደርድረው ያገኛል። ከእነዚህ መካከል ርካሹን መምረጥ ቀላል ነው፤ አትራፊውን መምረጥ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። የራም ትክክለኛ ዋጋ ማስታወቂያው ላይ በሰፈረው ቁጥር ብቻ አይለካም፤ ዕቃው ከማሽኑ ጋር መስማማቱ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መፈተሹ፣ ችግር ቢገጥም ሻጩ የሚገኝ መሆኑ አብረው ይመዘናሉ። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ የጎደለበት ራም በግማሽ ዋጋ ቢገዛም ውድ ነው።

የራም ሥራና የፍላጎት መጠን

ኮምፒዩተር መረጃን በሁለት ዐይነት ስፍራ ያስቀምጣል። ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ መብራት ቢጠፋም ፋይሎችን ጠብቆ የሚያቆይ ሲሆን፣ ራም ግን ማሽኑ በዚያች ሰዓት የሚሠራባቸውን ነገሮች ብቻ የሚይዝና ኃይል ሲቋረጥ ባዶ የሚሆን ፈጣን ስፍራ ነው፤ የሁለቱ ልዩነት በጎተራ በተከማቸ እህልና ለዕለቱ ምግብ ተሰፍሮ በወጣ እህል መካከል እንዳለው ልዩነት ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ዲራም የተባለው የራም ዐይነት የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1966 በአይቢኤም ኩባንያ ተመራማሪ በሮበርት ዴናርድ ሲሆን፣ እያንዳንዱን የመረጃ ቅንጣት በአንዲት እጅግ ደቃቅ የኤሌክትሪክ መያዣ ውስጥ በሙል መልክ ያኖራል። ይህ የኤሌክትሪክ ሙል በፍጥነት ስለሚተን ኮምፒዩተሩ በተለምዶ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ መልሶ ያድሰዋል። ራሙ ሞልቶ ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ ማሽኑ ትርፉን ወደ ዲስክ ለማዛወር ይገደዳል፤ ዲስክ ከራም ጋር ሲነጻጸር በጣም ዘገምተኛ በመሆኑም ተጠቃሚው ኮምፒዩተሩ ደርቆ የቆመ ያህል ይሰማዋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መረጋገጥ ያለበት የራም እጥረት መኖሩ ነው። በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉት ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባለው መከታተያ ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍሉ ውስጥ ሜሞሪ የሚለው ገጽ ምን ያህል ራም እንዳለ፣ ምን ያህሉ እንደተያዘ፣ ስንት መሰኪያ ወይም ስሎት ሥራ ላይ እንደዋለና ራሙ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ያሳያል። የዘወትር ሥራ እየተሠራ ሳለ ራሙ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከሆነ መጨመሩ ለውጥ ያመጣል። ሰፊ ክፍት ቦታ እያለ ማሽኑ ከተንቀራፈፈ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ በተለይ ኮምፒዩተሩ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ለራም የታሰበውን ገንዘብ ለኤስኤስዲ ማዋሉ ይበልጥ ይጠቅማል። በፒችትሪ ሒሳብ ለሚሠራ፣ ጽሑፍ ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው 8 ጊጋባይት በአመዛኙ የሚበቃ ሲሆን፣ በአውቶካድ የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ወይም ቪዲዮ ለሚያቀናብር ባለሙያ 16 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ተገቢ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ራም ገዝቶ ሳይጠቀሙበት ማኖር ምንም ያህል በርካሽ ቢገኝ ብክነት ነው።

ማስታወቂያው በስልክ፣ ግብይቱ በአካል

የአዲስ አበባ የኦንላይን ገበያ ከብዙ አገሮች ገበያ የሚለይበት ባሕርይ አለው። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ገዢው በአብዛኛው በካርድ ከፍሎ ዕቃውን በፖስታ የሚቀበል ሲሆን፣ በዚህ ከተማ ግን ኢንተርኔቱ የሚያገናኘው ሰዎቹን ነው፤ ዕቃውን ማየት፣ መከራከርና መክፈል በአብዛኛው ፊት ለፊት ይፈጸማል። በዚህ የተነሳ የመገናኛ ቦታ ምርጫ የግብይቱ አንድ አካል ይሆናል። ጎተራ ለዚህ የሚመች ስፍራ ነው፤ በማሳለጫው ላይ ከመስቀል አደባባይ በላንቻ በኩል የሚመጣው፣ ወደ ሳሪስና ቃሊቲ የሚወርደው፣ ከቦሌ በወሎ ሰፈር የሚደርሰውና ወደ ጎፋ የሚያመራው መንገድ ስለሚገናኙ፣ ከተማዋን የሚያቋርጠው የቀላል ባቡር መስመርም በዚያው ስለሚያልፍ፣ ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጡ ገዢና ሻጭ ሳይጉላሉ ይገናኙበታል። የጎተራ ኮንዶሚኒየም ነዋሪን የመሰለ ገዢ ለአንዲት ኪስ የምትገባ ዕቃ ሲል ከተማውን ዳር እስከ ዳር ቢያቋርጥ፣ የትራንስፖርቱና የጠፋው ጊዜ ወጪ በማስታወቂያው ላይ ያየውን ቅናሽ ሊበላው ይችላል፤ ስለዚህ የሻጩ አድራሻ ከዋጋው ጋር አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።

ወደዚህ ገበያ የሚመጣው ራም ምንጩ ብዙ ነው። ስክሪናቸው የተሰበረ ወይም ማዘርቦርዳቸው የተቃጠለ ላፕቶፖች ሲፈቱ በሕይወት ያለው ራማቸው ተለይቶ ይሸጣል፤ ደንበኛ ራሙን ሲያሳድግ የሚወጣው አነስተኛ ራም በጥገና ቤቶች እጅ ይቀራል፤ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችም ክፍሎቻቸው ተነጥለው ለገበያ ይቀርባሉ። ከጥቅም ውጪ የሆነን ዕቃ ፈትቶ የሚሠራውን ክፍል ለሌላ ማዋል በመርካቶ ምናለሽ ተራ ዘመናትን ያስቆጠረ ሙያ ነው፤ የራሙ ንግድም የዚሁ ሙያ አዲስ ቅርንጫፍ ሆኗል። ያገለገለ መሆኑ ብቻውን የሚያሳስብ አይደለም፤ ራም የሚሽከረከር ወይም የሚፋተግ አካል ስለሌለው በአግባቡ ከተያዘ ከተሰካበት ኮምፒዩተር በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ገዢው በማስታወቂያ ያየውን ዋጋ በመገናኛም ሆነ በመርካቶ ካሉ የኮምፒዩተር ሱቆች ዋጋ ጋር ሳያስተያይ መወሰን የለበትም፤ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ደረሰኝና ዋስትና የሚሰጠው ሱቅ ይመረጣል።

ማሽኑን ማወቅ

ራም በትውልድ የተከፋፈለ ነው። በአገልግሎት ላይ ካሉት መካከል ዲዲአር3 እ.ኤ.አ. በ2007፣ ዲዲአር4 በ2014፣ ዲዲአር5 ደግሞ በ2020 እና በ2021 የመጡ ሲሆን፣ አንዱ በሌላው መሰኪያ እንዳይገባ ከታች ያለው ቅርጥ የተለያየ ቦታ ላይ ተበጅቷል። ከትውልድ ቀጥሎ የሚታየው ቅርጽ ነው፤ የዴስክቶፕ ራም 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው የላፕቶፑ 7 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ግፊት ነው። መደበኛው ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ሲሠራ፣ ዲዲአር3ኤል የሚባለው ዝቅተኛ ግፊት ያለው ዐይነት በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ አራተኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች ይህን ዝቅተኛ ግፊት ያለውን ስለሚፈልጉ፣ መደበኛው ዲዲአር3 መሰኪያው ውስጥ ልክ ቢገባም ኮምፒዩተሩን ላያስነሳው ይችላል። ዲዲአር4 በ1.2 ቮልት፣ ዲዲአር5 በ1.1 ቮልት ይሠራሉ።

የላፕቶፑን ስም ብቻ መያዝ እንደማይበቃ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ነው። ጂ1 እና ጂ2 የተባሉት ሞዴሎቹ ዲዲአር3ኤል ሲቀበሉ፣ ተከታዩ ጂ3 የሚቀበለው ዲዲአር4 ስለሆነ፣ ለኤሊትቡክ 840 የሚሆን ራም ብሎ የሚፈልግ ገዢ በአንዲት ፊደልና ቁጥር መጓደል ምክንያት የማይገባ ዕቃ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ከዚህም በላይ አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች፣ ለምሳሌ የሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርበንና የአፕል ማክቡክ ኤር፣ ራማቸው በቀጥታ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ጨርሶ አይጨመርባቸውም። ማሽኑ ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ መጠንም ከአምራቹ ሰነድ መረጋገጥ አለበት፤ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነውን ሊጠቀምበት ስለማይችል አስቀድሞ ወደ 64 ቢት መዛወር ይኖርበታል።

በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ማንበብ

ሻጩ ምንም ቢል፣ ይበልጥ የሚታመነው በራሙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የዚያኑ ዕቃ ልጣፍ በግልጽ የሚያሳይ ፎቶ ነው። ለምሳሌ 8ጂቢ 1አርኤክስ8 ፒሲ4-2400ቲ-ኤስኤ1 የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ የመጀመሪያው መጠኑን ይገልጻል፤ ሁለተኛው ቺፖቹ በአንድ ረድፍ የተደራጁና እያንዳንዳቸው 8 ቢት ስፋት ያላቸው መሆናቸውን ያመለክታል፤ ፒሲ4 የሚለው አራተኛውን ትውልድ፣ 2400 የሚለው በሰከንድ የሚያከናውነውን የመረጃ ቅብብል በሚሊዮን ይናገራል። ከኋለኛው ሰረዝ ቀጥሎ ያለው ኤስ የተባለው ፊደል ዕቃው የላፕቶፕ መሆኑን ሲያስረዳ፣ በቦታው ዩ ቢኖር የዴስክቶፕ፣ አር ቢኖር ደግሞ የሰርቨር ይሆናል። አንዳንድ አምራቾች በ2400 ፈንታ 19200 ብለው ይጽፋሉ፤ በእያንዳንዱ ቅብብል 8 ባይት ስለሚያልፍ 2400 በ8 ሲባዛ 19200 ይሆናልና ሁለቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ አንድ ፍጥነት ነው። በዚሁ ስሌት 25600 ማለት 3200፣ በዲዲአር3 ላይ የሚታየው 12800 ደግሞ 1600 ማለት ነው።

የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ራሞች አብረው ሲሰኩ ሁለቱም በዘገምተኛው ልክ ስለሚሠሩ፣ ነባሩ 2400 የሆነ ሰው ከጎኑ ለሚያክለው 3200 ተጨማሪ ገንዘብ መክፈሉ አያተርፈውም። በአንጻሩ በመጠንና በፍጥነት የሚመሳሰሉ ሁለት ራሞች በሁለቱ መሰኪያዎች ሲገቡ ፕሮሰሰሩ በሁለት መተላለፊያ ስለሚጠቀም፣ በተለይ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒዩተር ፍጥነቱ በግልጽ ይሻሻላል።

ዋጋን በትክክል ማስላት

የተለያየ መጠን ያላቸውን ራሞች ማወዳደር የሚቻለው የአንዱን ጊጋባይት ዋጋ በማውጣት ነው። ለስሌት ያህል ብቻ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት በ2,400 ብር፣ ባለ 16 ጊጋባይት ደግሞ በ4,000 ብር ቀርበዋል ቢባል፣ የመጀመሪያው ጊጋባይቱ 300 ብር፣ ሁለተኛው 250 ብር ይወድቃል። ሆኖም ሒሳቡ በዚህ አያበቃም፤ ማሽኑ አንድ ክፍት መሰኪያ ካለውና ነባሩ ራም ባለ 8 ከሆነ፣ ትንሹን መግዛቱ ድምሩን 16 ስለሚያደርሰው በጊጋባይት ውድ የሆነው ዕቃ በጠቅላላው ርካሽ ይሆናል። ሁለቱም መሰኪያዎች በተያዙበት ኮምፒዩተር ግን የሚወጣው ራም ተሸጦ የሚያስገኘው ገንዘብ ከወጪው ላይ መቀነስ አለበት፤ አንዳንድ ሻጮችም ነባሩን ተቀብለው ልዩነቱን ብቻ ያስከፍላሉ።

ዋጋው ከወር ወር ለምን እንደሚዋዥቅ ማወቅም ገዢውን ይጠቅማል። የዓለምን የዲራም ምርት በአብዛኛው የያዙት ሦስት ኩባንያዎች፣ ማለትም የደቡብ ኮሪያዎቹ ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ እንዲሁም የአሜሪካው ማይክሮን ናቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያንቀሳቅሱ የመረጃ ማዕከላት ልዩ ፈጣን ራም በብዛት መሻታቸው የማምረት አቅሙን ወደዚያ ስለሳበው፣ ኩባንያዎቹም የዲዲአር4 ምርታቸውን መቀነስ ስለጀመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ማብቂያ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በኃይል ንሯል። ማይክሮን ክሩሻል በተባለው ስሙ ለተራ ሸማች ያቀርብ የነበረውን ምርት እንደሚያቆም ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ማስታወቁ የዚሁ ለውጥ ማሳያ ነው። የአዲሱ ዋጋ ሲወጣ ያገለገለውም ተከትሎት ይወጣል፤ በመሆኑም ከስድስት ወር በፊት የተለጠፈ ማስታወቂያ ለዛሬ ዋጋ መለኪያ አይሆንም፤ ከሁሉም በታች የሆነ ዋጋ ደግሞ ከደስታ በፊት ጥያቄ ሊያስነሳ ይገባል።

ርካሽነት የሚደብቃቸው ነገሮች

ከልክ በላይ ርካሽ የሆነ ራም ሁልጊዜ የተሰረቀ ወይም የተበላሸ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ለሌላ ዐይነት ማሽን የተሠራ ነው። የሰርቨር ራም በትልልቅ ድርጅቶች በብዛት ስለሚተካ በርካሽ ይገኛል፤ ርዝመቱ ከዴስክቶፕ ራም ጋር እኩል ቢሆንም አር የሚል ምልክት ያለው ዐይነት በተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም። በተመሳሳይም ከቻይና በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ባለ 8 ጊጋባይት የዴስክቶፕ ዲዲአር3 ራሞች የሚሠሩት በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ብቻ ሲሆን፣ በኢንቴል ዴስክቶፕ ላይ ሲሰኩ ኮምፒዩተሩ አይነሳም። ሌላው አደጋ የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ቺፖቹን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የብረት ልባስ ያለው ራም ውስጡ ስለማይታይ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ ልባስ በሌለው ላይ ደግሞ የሁሉም ቺፖች ጽሑፍ አንድ ዐይነት መሆኑ፣ ወርቃማዎቹ መገናኛዎች አለመቃጠላቸውና አለመፋቃቸው በዐይን ሊታይ ይችላል።

ከክፍያ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ከሁሉ የሚሻለው ገዢው ራሱን ላፕቶፕ ይዞ ሻጩን በጥገና ቤት ወይም ጠረጴዛ ባለበት ካፌ ማግኘት ነው። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ባትሪውም ተላቆ፣ እጅ የሰውነትን የኤሌክትሪክ ሙል ለማስወገድ ብረት ከነካ በኋላ ራሙ በጠርዙ ተይዞ በሰያፍ ይገባና የጎን መያዣዎቹ እስኪይዙት ይጫናል። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ታስክ ማናጀር ላይ የሚታየው መጠንና ፍጥነት ከማስታወቂያው ጋር ይመሳከራል፤ ሲፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ በራሙ ላይ የተመዘገበውን የአምራች ስምና የተመረተበትን ሳምንት ያሳያል። ማሽኑ ካልተነሳ ወዲያው ተበላሽቷል ብሎ መደምደም አይገባም፤ የመገናኛዎቹ መቆሸሽ ብቻ ሊሆን ስለሚችል የጥገና ባለሙያዎች እንደሚያደርጉት በላጲስ በስሱ አጽድቶ እንደገና መሞከር ተገቢ ነው።

መነሳቱ ብቻ ግን ጤነኝነቱን አያረጋግጥም። የተጎዳ ራም ለሰዓታት በደኅና ሠርቶ ድንገት የስሕተት ገጽ ሊያመጣ፣ ከዚያም ሲከፋ ሳይታወቅ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ይህን የሚያጣሩት በዊንዶውስ ውስጥ ያለው የሜሞሪ ዲያግኖስቲክ ፕሮግራምና ከፍላሽ ላይ የሚነሳው ሜምቴስት86 ሲሆኑ፣ እያንዳንዱን የራም ክፍል ደጋግመው እየጻፉና እያነበቡ ስለሚፈትሹ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳሉ። ሻጭን ለዚያን ያህል ጊዜ ማስቆም ስለማይቻል፣ ሙሉው ፍተሻ በቤት ተደርጎ አንዲት ስሕተት እንኳ ከታየች ዕቃው በተወሰኑ ቀናት ውስጥ እንዲመለስ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። በዕቃው የሚተማመን ሻጭ ይህን ስምምነት ለመቀበል እምብዛም አይቸገርም፤ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ የሚለው ደግሞ ለገዢው ጠቃሚ መረጃ ሰጥቶታል።

ሕግና መተማመን

ጂጂ ለተጠቃሚዎቹ የሚሰጠው ምክር ቅድሚያ አትክፈሉ፣ ሰው በሚበዛበት ስፍራ ተገናኙ፣ ዕቃውን ፈትሹ የሚል ነው፤ በቴሌግራም ለሚገዛም ምክሩ ያው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመረው ቴሌብር ክፍያን ቢያቀልም የተላከ ገንዘብን ማስመለስ አስቸጋሪ ነው፤ ከፍተሻ በኋላ ሲከፈልበት ግን የክፍያ ማስረጃ ስለሚያስቀር ለገዢው መከታ ይሆነዋል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ጥራቱን በማየቱ ወይም በዋጋ በመደራደሩ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ይደነግጋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠም፣ ሻጩ ስለ ዕቃው የጻፈውን መልእክትና የተስማሙበትን የመመለሻ ቀን ሳያጠፉ ማቆየት ይጠቅማል። ንግድ ፈቃድ ከሌለው ግለሰብ በሚገዛበት ጊዜም ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለተሸጠ ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ የሚያደርጉ ድንጋጌዎች አሉት።

እርግጥ ለአንዲት ራም ሲባል ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት የገዢው ዋነኛ ጥበቃ ከሕጉ ይልቅ በቅድሚያ የያዘው ዕውቀት ነው፤ የማሽኑን ሞዴል በሙሉ የሚያውቅ፣ ልጣፍ የሚያነብ፣ የጊጋባይቱን ዋጋ የሚያሰላና ሳይፈትሽ የማይከፍል ገዢ ሊታለል የሚችልበት ቀዳዳ ጠባብ ነው። የእንዲህ ዐይነት ገዢዎች መብዛት ደግሞ ለራሳቸው ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ዕቃውን አጣርቶ፣ ጉድለቱን ገልጦ የሚያቀርበው ሐቀኛ ሻጭ ባልተፈተሸ ዕቃ ዋጋ ከሚሰብረው ጋር እኩል እንዳይታይ ያደርጋሉ፤ የውጭ ምንዛሪ ወጥቶባቸው አገር የገቡ ኮምፒዩተሮችም ያለጊዜያቸው ከመጣል ይልቅ ለተማሪው፣ ለሒሳብ ሠራተኛውና ለንድፍ ባለሙያው ዓመታትን እንዲያገለግሉ ያስችላሉ። የኦንላይኑ ገበያ ርካሽ ዕቃ ለማንም ያሳያል፤ ከርካሹ መካከል የሚያዋጣውን የሚለየው ግን አዋቂ ገዢ ነው።